ነጥቧ

ፋብሪካው ውስጥ፣ ከሒሳብ ክፍል ጀርባ፣
በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ጀንበር በማትገባ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የረገጥኩት ፔዳል
ዛሬም፣ ጋደም ስል፣ ከጉልበቴ ይሰማል።

ሁለት ማሽን ነበር። ያንደኛው ሙያ
ዚንኩን እየወጋ ፊደል ማሳበጥ፤
የሁለተኛው ሥራ ከየመሳቢያ
ሰሌዳ እየሳበ ሪባን ሥር ማስቀመጥ፤
ከዚያ ደፍ! ደግሞ ደፍ! በደሞዝ ወረቀት
ስም ማተም፣ ስም መቁጠር፣ ሳይሰለች፣ ሳይሳሳት።

ሁለት ሺህ ሠራተኛ፣ በፈረቃው ታጥሮ፣
በአርባ መሳቢያ ውስጥ በቁጥር ተደርድሮ፤
ፈታይ ከፈታይ ጋር፣ ሸማኔ ከሸማኔ፤
መሳቢያ ስስብ ሁሉም ይንኳኳል ወደ እኔ።
ሰሌዳ ከፊት ሲያዩት ግልብጥ ነው ጽሑፉ፤
ከጀርባ ይነበባል፣ በጣት ዳብሰው ሲያልፉ።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ማሽኑ ፈረንጅ ነው፤
ሃያ ስድስት ፊደል ነው ሆዱ ውስጥ ያለው።
ጠ የለም፣ ጸ የለም፣ ጨ እና ጰም የሉ፤
ከስማችን ውስጥ ያሉት ጠንካሮቹ ሁሉ
እዚያ ብረት ላይ ሲደርሱ ይላላሉ።
ጥጋቡ ትጋቡ፣ ጠናው ተናው ይሆናል፤
ጫኔ? እሱማ ጭራሽ ሁለት ፊደል ይፈጃል።

አንድ ሰኞ፣ ከፈትል ክፍል አንዲት ሴት መጣች፣
ብናኝ ጥጥ ቅንድቧ ላይ እንዳረፈ ገባች።
የደሞዝ ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣
«ይቺ ማናት?» አለች፣ ስሟን በጣቷ መትታ።
«ጥሩአየር ነኝ እኔ። ትሩአየር አላውቅም።
እናቴ ያወጣችልኝ ት ብላ አይደለም።»

ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ።
አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰባትን ከመደዳዋ
አወጣሁ፤ በምስማር፣ በጀርባዋ፣
ከመጀመሪያዋ ፊደል አናት አንዲት ነጥብ መታሁላት።
«ይኸው። ይህችን ነጥብ ስታዪ ጥ በያት።»
ከዚያ በየወሩ፣ የጤፍ ቅንጣት አክላ፣
ትወጣ ነበር ከስሟ በላይ፣ በሪባን ጠቁራ።

ዓመታት። ከዚያ ያ ዘመን፤ የሰባዎቹ መባቻ።
አንድ ጧት ከአስተዳደር ወረቀት መጣ፣
አሥራ አንድ ስም ብቻ።
«ይሰረዙ» ይላል። ምክንያት አልተጻፈም።
ሌሊት መኪና መምጣቱን ሁላችን ሰምተናል፤
የተናገረ የለም።

ብረት ደግሞ አይጣልም፤ ደንብ ነው፤ ይጠፈጠፋል፤
በመዶሻ ለስልሶ ሌላ ስም ይጻፋል።
አሥሩን ጠፈጠፍኩ። አሥራ አንደኛዋ ላይ እጄ ከበደ።
እሷንም ጠፈጠፍኳት። አልዋሽም።
ፊደል በፊደል እያየሁት ስሟ ሄደ፤
ነጥቧ ግን፣ በምስማር ጠልቃ ስለተመታች፣
መዶሻ እየወረደባት እምቢ ብላ ቀረች።

በዚያው ብረት ላይ አዲስ ልጅ ተጻፈች፤
ደብሬ አያልነህ። በወሩ መጥታ ጠየቀች፤
«ስሜ ላይ ያለችው ነጥብ ምንድን ናት?»
«ማሽኑ ነው» አልኳት።

ኮምፒዩተር መጣ። መሳቢያዎቹ ተራገፉ፤
ሁለት ሺህ ስሞች በኪሎ ተመዝነው አለፉ።

አሁን ጡረታ ነው። አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር
እግሬን ላፍታታ እወጣለሁ።
አበጀን፣ ታንኳው ላይ፣ መረብ ሲጠግን አገኘሁ።
የመረቡ ክብደት ድንጋይ አይደለም፤
ዚንክ ነው፣ ሁለት ሁለት እየተደረበ የታጠፈ።
«ከቆራሌው ነው የገዛሁት፤ ዝገት አያውቀውም»
አለ፣ ክሩን በጥርሱ እየቀጠፈ።

ዓይኔ ደክሟል። በአውራ ጣቴ ነው ያነበብኩ፤
አንዱን ስም፣ ሌላውን ስም፣ እየዳበስኩ።
ከዚያ፣ ከእጥፋቱ ጫፍ፣
ነጥቧ።

«አበጀ፣ ይህችን ስጠኝ።»
«ኧረ ጋሼ፣ መረቡ ይቀልብኛል።»
እውነቱን ነው። ምን ይባላል?

ታንኳው ደንገሉን ጥሶ ሄደ፤
መረቡ ከነስሞቹ ወረደ።

እንግዲህ አድራሻዋ እዚያ ነው፣ ፖስታ በማይደርስበት ውኃ።
ሐይቁንም ያ ማሽን ቢጽፈው ታና ነው የሚለው፤
ምስማር ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።
የቤት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው።